የሩሀማ በር

ስሚኝማ እህቴ፣ ቁጭ በይ፣ ስልክሽንም ገልብጪው። ይሄን ነገር በቴክስት ብልክልሽ «ውሸታም» ብለሽ ነው የምትመልሺልኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሩሀማ በር ፈለገች። በቃ። ወርቅ አላለች፣ አይፎን አላለች፣ ባልም አላለች። በር! እንጨት የሆነ፣ እጀታ ያለው፣ ሲዘጋ «ቋ» የሚል።

ሩሀማ እዚሁ ጆበርግ፣ ሜይፌር ነው የተወለደችው። አምና ማትሪክ ጨርሳለች፣ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ ስዩም ጄፒ ላይ፣ ከሐበሻ ነጋዴዎቹ መሀል፣ መጋረጃ ይሸጣል። ከአገር እንደመጣ መጋረጃውን በጀርባው ተሸክሞ ክሊፕታውን ሎኬሽን፣ ከከተማው ዳር ያለው የድሃ ሰፈር ውስጥ ቤት ለቤት ያንኳኳ ነበር። ዛሬ ሱቅ አለው፣ ዕቃ የሚጭንበት ባኪ አለው፣ ፐርማነንት ወረቀት አለው። የሌለው በር ነው። ሜይፌር አንድ ትልቅ ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት፤ ታዲያ ለመጋረጃ ነጋዴ አንዱን ክፍል አራት ማድረግ ምን ያቅተዋል? እዚህ ጋ ቡናማውን ሰቀለ፣ ሳሎን ሆነ። እዚያ ጋ ባለ ነጠብጣቡን ሰቀለ፣ ኩሽና ሆነ። የሩሀማ መኝታ ቤት ባለ አበባው ነው።

ምን ችግር አለው ትይኝ ይሆናል። ችግሩማ፣ ደንበኛ ቤት ድረስ ይመጣል። አንድ ማታ ለሂሳብ ፈተና ስታጠና፣ ፒጃማ ለብሳ፣ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ፣ አባቷ መጋረጃውን ገለጠና ከሁለት ሴትዮዎች ጋር ብቅ አለ። «እዩት፣ ብርሃን አያሳልፍም! ልጄ እንኳን ከውስጥ እንዳለች አይታወቅም!» አለ። አሁን ታወቀ። ሌላ ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ግድግዳዋ ተሸጧል። በእውነት! አልጋዋ ሳሎን መሀል ቁጭ ብሏል፣ አባቷ «ነገ አዲስ ይገባል፣ ሰማያዊ» ይላታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው በር በር ያለችው።

እና አንድ ቀን እናቷ የአለምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ወሬ ይዛ መጣች። ከከተማ ወጥቶ ገጠር ቤት ለሚገዛ ሰው ባንክ ያበድራል፣ መንግሥት ደግሞ ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ሩሀማ ይሄን ስትሰማ ፎርሙን ዳውንሎድ አድርጋ፣ ሞልታ፣ የአባቷን ጣት ይዛ አስፈርማ የጨረሰችው ሻይ እስኪፈላ ነው። ቤቱንም ራሷ ነች ያገኘችው። ክራንስዳል ይባላል ቦታው፣ ከጆበርግ በባኪ አንድ ሰዓት ተኩል። ዙሪያው የበቆሎ ማሳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊት ሳሎን፣ ጀርባው ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል። ክፍሏ ደግሞ በር አላት። ሊያዩ የሄዱ ቀን ሩሀማ በሩን አሥራ አንዴ ከፈተች፣ አሥራ አንዴ ዘጋች። ቤት አሻሻጩ የተበላሸ መስሎት ዋጋ ሊቀንስ ነበር።

ስዩም ግን ነገሩ አልገባውም። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሰላስል ቆይቶ ልጁን ጠራት።

«ሩሂ፣ ዋስ የሚሆነው መንግሥት ነው ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«ለኔ?»

«ላንተ።»

«ያውቀኛል?»

«አባዬ መንግሥት እኮ ነው፣ ማወቅ አያስፈልገውም።»

«ሳያውቀኝ ዋስ? እብድ ነው እንዴ! ሰው ዋስ ሲሆን እኮ ይጠይቃል። የማን ልጅ ነው፣ ጠባዩ እንዴት ነው፣ ማን ያውቀዋል ይላል።»

«ፎርም ሞልተናል።»

«ፎርም ሰው አይደለም» አለ ስዩም። ከዚያ በኋላ ዝም አለ። የስዩም ዝምታ ደግሞ መጥፎ ነው፤ ዝም ሲል እያሰበ ነው ማለት ነው።

ከመንግሥት የተላከ መርማሪ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቤቱን ሊያይ እንደሚመጣ ተነገራቸው። ቁልፉን ከአሻሻጩ ተቀብለው በጠዋቱ ሦስቱም ባኪው ላይ ወጡ። መንገድ ላይ የሩሀማ ስልክ ጮኸ፤ መርማሪው የሚያጣራቸውን ነገሮች ዝርዝር ልኮላታል። ቤቱ በእርግጥ ገጠር መሆኑን ሊያጣራ ነው የሚመጣው። አስፋልት መድረስ የለበትም፣ አልደረሰም። ላም በዓይን መታየት አለባት፣ ትታያለች። ቁጥር ዘጠኝን ጮክ ብላ አነበበች። «መርማሪው ፊት ለፊት በር ላይ ቆሞ ከሃያ ሰው በላይ ካየ፣ ቦታው ከተማ ነው። ጥያቄው ውድቅ ይሆናል።»

«ሃያ!» ብላ ሳቀች። «ክራንስዳል ጠቅላላ ሃያ ሰው የለውም!»

ስዩም አልሳቀም። መሪውን ጨብጦ ፊት ፊቱን ያያል።

ደርሰው ገና ባኪውን ከማቆማቸው ከኋላቸው አቧራ ተነሣ። አንድ ታክሲ መጣ። ሁለት። ሦስት! ከመጀመሪያው ላይ ጋሽ ደመቀ ወረዱ። ጋሽ ደመቀን ልንገርሽ፣ ጄፒ ላይ ሁለት ሰው ከተጣላ አስታራቂው እሳቸው፣ አንዱ ልጅ ሊያገባ ካሰበ ሽማግሌው እሳቸው ናቸው። ሱፍ ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው። ከኋላቸው እትዬ በለጥሽ በሐበሻ ቀሚስ፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ሻጩ፣ ከዚያ ቀበቶ ሻጩ፣ ከዚያ ቶኮዛ ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ ሱቅ ያለው ሰውዬ ከነሚስቱ። ይወርዳሉ፣ ይወርዳሉ፣ አያልቁም። ታክሲዎቹ አራገፏቸውና «ስምንት ሰዓት ላይ እንመጣለን» ብለው ዞረው ሄዱ።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሰዎቼ ናቸዋ!» ደረቱ ተነፍቷል። «መንግሥት ዋሴ ሊሆን ሲመጣ ብቻዬን ልጠብቀው? ሰው የለውም ይበለኝ? በሐሙስ ቀን እኮ ነው፣ ሱቅ ዘግተው የመጡልኝ!»

«ስንት ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሰው ይቆጠራል እንዴ?»

ሩሀማ ቆጠረች። አርባ ሦስት።

«አባዬ ቁጥር ዘጠኝን አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለ ስዩም ቀስ ብሎ። «ግን ያንን የጻፈው ሰው ዘመድ የለውም ብዬ ተውኩት።»

ሰዓቱ አራት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። የአለምወርቅ «በቆሎው ውስጥ ይተኙ» አለች። በቆሎው ግን ትናንት ታጭዷል፣ ማሳው ራቁቱን ነው፤ ደግሞም እትዬ በለጥሽ «ይሄን ቀሚስ ማታ ነው ያስተኮስኩት፣ ሞቼ ነው የምተኛው!» አሉ። ሳሎኑ ደግሞ ከደጅ ወለል ብሎ ይታያል። የቀረችው ክፍል አንድ ነች፤ ያቺ የጀርባዋ። ባለ በሯ።

እህቴ፣ አልጋ ቢገባባት ስድስት ሰው የማይቆምባት ክፍል ውስጥ አርባ ሦስት ሰው አስገቡ! ቀጫጭኑን ከታች፣ ወፋፍራሙን በማዕዘን በማዕዘን። «እንዴት ያለ ሽምግልና ነው ተደብቀን የምንሸመግለው?» አሉ ጋሽ ደመቀ በመጨረሻ ሲገቡ፣ ከዘራቸውን ቁልቁል ይዘው። «ጋሽዬ፣ በእናትዎ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ» አለቻቸው ሩሀማ። ከዚያ በጀርባዋ ተደግፋ ገፋችው። በሩ «ቋ» አለ። ስንት ዓመት የጠበቀችው «ቋ» እሷን ውጭ አስቀርቶ፣ ጄፒን በሙሉ ውስጥ ቆለፈ።

መርማሪው በደቂቃው ደረሰ። ሚስተር ምቴትዋ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ነው፤ እጁ ላይ ሲጫኑት «ጠቅ» እያለ የሚቆጥር ትንሽ ማሽን ይዟል። ደጃፉ ላይ ቆመና ዓለምን ቃኘ። ሩሀማ፣ ጠቅ። እናቷ፣ ጠቅ። አባቷ፣ ጠቅ። ከማሳው ማዶ ዶሮ የምታባርር ሴትዮ፣ ጠቅ።

«አራት» አለ፣ ፊቱ በራ። «ይሄ እኮ በጣም ገጠር ነው! ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ንጹሕ ገጠር አላየሁም።»

ፎርሙ ላይ ምልክት አደረገ። ሩሀማ ልትስመው ምንም አልቀራት። «እንግዲህ ክፍሎቹን ቆጥሬ ልሂድ» አለና ወደ ሳሎን ገባ። አሁን ስሚኝ። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ በደንብ ያደገ የዙሉ ሰው፣ የሰው ቤት ሲገባ ባዶም ቢሆን ሰላም ሳይል አይገባም። ኮፍያውን አወለቀና ለግድግዳው ሁሉ፦

«ሳኒቦናኒ!»

እንግዲህ አንቺ የጄፒን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲገባ ሰላም ብሎ የኖረ ሕዝብ ነው። ሰላምታ ያልመለሰ ነጋዴ አይሸጥም። ነጋዴው ይታመም፣ ይተኛ፣ ምላሱ ራሱ ነው የሚመልሰው። እና ከጀርባ ክፍል፣ ከበሩ ኋላ፣ አርባ ሦስት ሰው ባንድ አፍ፦

«ዬቦ!»

ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ።

ሚስተር ምቴትዋ ቀስ ብሎ ወደ ሩሀማ ዞረ።

«ኤኮ ነው» አለችው።

«ኤኮ ቢሆን ‹ሳኒቦናኒ› ነበር የሚለኝ» አለ። «ይሄ ግን መለሰልኝ።» አስቦ አስቦ ሊያረጋግጥ ፈለገ። በሩን እያየ፣ ረጋ ብሎ፣ «ኒንጃኒ?» ብሎ ጠየቀ። ደህና ናችሁ ወይ ማለቱ ነው።

ስዩም ዓይኑን ጨፍኗል። የአለምወርቅ ታማትባለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ… ከዚያ የእትዬ በለጥሽ ድምፅ ብቻውን፣ ታፍኖ፣ ከሆነ ሰው ብብት ሥር የወጣ ይመስል፦

«ሲያፒላ ባባ! ደህና ነን፣ የጎደለ የለም!»

መርማሪው እጀታውን ያዘ። ሩሀማ «አይክፈቱት!» ለማለት አፏን ከፈተች፣ ግን በሩ ቀደማት። ተከፈተም ልልሽ አልችልም። ከነማጠፊያው ተነቅሎ፣ እግሩ ወደ ክፍሉ ተንሸራቶ፣ አናቱ ወደ ሳሎን ወደቀ፤ በላዩ ላይ ጋሽ ደመቀ ከዘራቸውን እንደያዙ ተንጋለው መጡ። ከኋላቸው ቀበቶው፣ ብርድ ልብሱ፣ ቶኮዛው፣ ቀሚሱ።

ሚስተር ምቴትዋ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፣ ደነገጥኩ ብሎ መቁጠር አይተውም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሃያ አንደኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ። አርባ ሰባት ላይ ሲያቆም አልቅስ አልቅስ ያለው ይመስላል።

«ከአምስት ደቂቃ በፊት ገጠር ነበር» አለ። «አሁን ከተማ ነው። እንዲህ በአንዴ ያደገ ቦታ በሥራ ዘመኔ አይቼ አላውቅም።»

«ምን አለ ልጄ?» አሉ ጋሽ ደመቀ ከበሩ ላይ ሳይነሡ።

«ከተማ ሆናችኋል አለ» አለቻቸው ሩሀማ።

«እሰይ! ምርቃት ነው!» አሉ። እትዬ በለጥሽ እልል አሉ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏቸው። እልልታው በበዛ ቁጥር ሰውዬው ፎርሙ ላይ ሌላ መስመር ይሰርዛል።

ሩሀማ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን በር አየችው። እጀታው ወደ ጣሪያ ያያል። ተመልሳ ባለ አበባው ጋ ስትገባ፣ ሴትዮዎች ሲገልጧት፣ ነገ ሰማያዊ ስትሆን ታያት። ስልኳን አወጣች። ቁጥር ዘጠኝን እንደገና አነበበች፣ ጣቷን ወደታች ሳበች። ከሥሩ ጉንዳን በሚያክል ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። «ለሠርግ፣ ለቀብር ወይም ለሎቦላ የመጣ እንግዳ አይቆጠርም።» ሎቦላ ማለት እንደኛ ሽማግሌ ልኮ ልጅ መጠየቅ ማለት ነው፣ ከነጥሎሹ።

«ሎቦላ ነው!» ብላ ጮኸች።

መርማሪው ብዕሩን አቆመ። ሽማግሌዎቹን አያቸው። ሱፍ፣ ነጠላ፣ ከዘራ፣ እትዬ በለጥሽ ያቀፉት ድፎ ዳቦ። የሽማግሌ መልክ እንደሆነ እሱም ያውቃል። «እና የምትጠየቀው ልጅ ማን ናት?» አለ።

አርባ ስድስት ሰው ሩሀማን አያት። ስዩም ራሱ ለአፍታ ደነገጠ፤ የማላውቀው ባል አለ እንዴ ያለ ይመስላል።

«ቤቷ ናት» አለች ሩሀማ። «አባቴ ቤቷን ፈልጓታል። የሚሰጠው ደግሞ መንግሥት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ይዞ ወደ መንግሥት መጣ። በኛ አገር ለትልቅ ነገር በፎርም ብቻ አይጠየቅም፣ ነውር ነው።»

ሚስተር ምቴትዋ ስልኳን ተቀብሎ ያቺን የጉንዳን ፊደል ራሱ አነበባት።

«ማለት» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ የሴቷ ወገን ነኝ?»

«አዎ።»

መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተ። ክራቫቱን አስተካከለ። «ታዲያ የሴቷ ወገን ቆሞ ይቀበላል እንዴ? ወንበር አምጡልኝ!»

ወንበር የለም። የቀለም ባልዲ ገልብጠው አስቀመጡት። ባልዲው ላይ እግሩን አጣምሮ፣ ኮስተር ብሎ፣ እንደ ክፉ አጎት ተቀመጠ። ጋሽ ደመቀ ከበሩ ላይ ተነሡ፤ ወለሉ አቧራ ስለሆነ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ሩሀማ መሀል ሆና አስተረጎመች።

«ከሩቅ መጣን፣ ደጃችሁን ረገጥን» አሉ ጋሽ ደመቀ። «ልጃችሁን ለልጃችን ለስዩም ስጡን። ስዩም አይሰክርም፣ አይሳደብም፣ መጋረጃ ሲለካ አንድ ሴንቲ ሜትር አይሰርቅም።»

«እውነት ነው!» አሉ አርባ ሁለቱ።

«ሥራ አለው?» አለ መርማሪው ከቅንድቡ ሥር እያየ።

«ሱቅ አለው!»

ፎርሙ ላይ ቁጥር አሥራ አንድን ምልክት አደረገ።

«ከዚህ በፊት ሌላ ቤት ነበረው?»

«ኧረ በስመ አብ! የመጀመሪያው ናት!» አሉ እትዬ በለጥሽ። ቁጥር አሥራ ሁለት።

«ሊያከራያት፣ ወይ ጥሏት ሊሄድ ያስባል?»

ይሄን ጊዜ ስዩም ራሱ ወጣ፣ ፊቱ ቀልቷል። «ሃያ ዓመት የሰው ቤት አንኳኩቻለሁ» አለ። «የራሴን አንድ ቀን ላንኳኳ ነው የምፈልገው። እስክሞት አልለቃትም።»

ሩሀማ ይሄን ለመተርጎም ሁለቴ ጀመረችው። አባቷም በር እየፈለገ እንደሆነ አታውቅም ነበር። መርማሪው ቀና ሳይል ቁጥር አሥራ ሦስትን ምልክት አደረገ።

ከባልዲው ላይ ተነሣ። «ሰምተናል» አለ። «መልስ ግን ዛሬ አንሰጥም። ቤተሰብ እንመካከራለን። ሦስት ሳምንት ጠብቁ።»

ሩሀማ ቀኖቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፣ ሽማግሌዎቹ ግን ደስታቸው! «ጨዋ ቤተሰብ ነው!» አሉ ጋሽ ደመቀ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ምን ቤተሰብ ነው? ይሄ መንግሥት አሳዳጊ አለው!» ዳቦውን ቆርሰው አበሉት፣ ግማሹን በፌስታል አስያዙት። ስዩም በሩን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል መርማሪው ከደጅ ጮኸ፦ «እንዳትነካው! ምርመራ ላይ ነው!» ተመልሶ መጣና በሩ የወደቀበትን በማስመሪያ ለካው፣ ፎርሙ ላይም ሣለው።

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ተፈቅዷል! የአለምወርቅ ጎረቤቱን ሁሉ በእልልታ አስወጣች። ሩሀማ ግን እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ እሷ ሁሌም እስከ መጨረሻው ማንበብን ተምራለች አሁን። «ንብረቱ በምርመራው ቀን በታየበት ሁኔታ ለአንድ ዓመት ይቆይ። ሳሎን፣ አንድ። ክፍል፣ አንድ። በር፣ ሁለት፤ አንዱ ፊት ለፊት፣ አንዱ ወለል ላይ።»

ወለል ላይ! በመንግሥት ማኅተም!

ደውላ ተሟገተች። በሩን ብንሰቅለው ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ሚስተር ምቴትዋ አዘነላት፣ ግን ከተሰቀለ ሌላ ቤት ይሆናል፣ ሌላ ቤት ከሆነ ሌላ ፎርም፣ ሌላ ፎርም ከሆነ ሌላ ሎቦላ። «ሽማግሌዎቹ ደግሞ ባልዲ ላይ ባያስቀምጡኝ» አለ።

እና ባለፈው ቅዳሜ ገቡ። ስዩም ፊት ለፊት በሩን ከውጭ አንኳኳ፣ ማንም የለም፣ ራሱ «ዬቦ» ብሎ ከፍቶ ገባ። ከዚያ የሩሀማን ባዶ የበር ክፈፍ አየና፣ ሳይጠየቅ፣ ሜትሩን አወጣ። ከሱቁ ውዱን፣ ወርቃማውን፣ ከነዘርፉ ሰቀለላት። «ብርሃን አያሳልፍም» አላት። ሩሀማ ምን ትበል? ፍራሿን ጎተተችና የወደቀው በር ላይ ዘረጋችው። በሩ ግማሹ ሳሎን፣ ግማሹ ክፍሏ ውስጥ ስለሆነ እግሯ ከመጋረጃው ውጭ ይቀራል። ደብዳቤው ግን አይነካ እንጂ አይተኛበት አላለም።

ተኝታ ፎቶ አነሣችና ቶኮዛ ላለችው ጓደኛዋ ለፀገነት ላከችላት። ከሥሩ «በር አገኘሁ፣ ግን ጀርባዬ ሥር ነው፣ አሁንም በመጋረጃ ነው የምኖረው፣ ልሙት?» ብላ ጻፈች።

ፀገነት ወዲያው መለሰች። ቃል በቃል ይሄን ነው ያለችው፦

«አንቺ ምን ጎደለሽ? ሌባ እንኳን ቢመጣ አንቺን ሳያነሣ በርሽን አይከፍተውም! ቆይ ግን፣ መጋረጃው በጣም ያምራል፣ ከየት ነው? ለኔም አባትሽን ጠይቂልኝ።»